ጉሎ ዘይት የጠጣው ሞተር

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ጓሯችን የገባ ዕለት፣ እኔ የወንድሜን ሞተር ሳይክል ፒስተን በናፍጣ እያጠብኩ ነበር። እሑድ ነው፤ ክረምቱም ገብቷል። ጎማው አንድ ጥግ፣ መሪው ሌላ ጥግ፣ ታንከሩ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ዞረና «ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሞተር ሳይክል ነው።»

«እኔ የማየው ቁርጥራጭ ብረት ነው» አለ። ጻፈውም።

ያን ሰሞን በየቀበሌው የማይሠራ ብረት እየተለቀመ በጭነት መኪና ይጫናል። የተሰበረ አልጋ፣ የዛገ በርሜል፣ ምኑ ቅጡ። የእኛ ሰፈር ተራ ሰኞ ሳምንት ነው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም፤ ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ዝም የሚል ሰው ካለ አሳዩኝ።

«ቢሠራስ?» አልኩት።

«ከሠራማ ንብረት ነው።»

«እንግዲያው የሚመጣው እሑድ፣ ከጽዳት ዘመቻው በኋላ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ይቁሙ። ከለገሃር ተነስቶ ቸርችልን በራሱ ጉልበት ሲወጣ ያዩታል። ካላዩት ሰኞ እኔው ራሴ እጭንልዎታለሁ።»

ሳቀብኝ። ግን «እስከ እሑድ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጨመረልኝ።

እሱ ሲወጣ ከማድ ቤቱ ጥግ አንድ ድምፅ መጣ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።» ወንድምጋሼ ነው። ታላቄ ነው፤ የሞተሩም ባለቤት እሱ ነው። ከአብዮቱ በፊት ጭቃና ጉብታ ላይ ይወዳደርበት ነበር፤ ቀጭን፣ ከመሬት ከፍ ያለ የጣሊያን ሥሪት ነው። አንድ ክረምት ከጉብታ ዘሎ ሲወርድ ወደቀና አንድ ጉልበቱ አልታጠፍ አለው። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት። ጓደኛ የለ፣ ጨዋታ የለ። «ደህና ነህ?» ሲሉት «ደህና» ይላል፤ አለቀ። ሞተሩንም በጆንያ ጠቅልሎ ማድ ቤት ጣለው።

እኔ አንጀቴ አልቻለም። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ የቆመ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም። ሳላስፈቅደው ጆንያውን ፈታሁት። ሞተሩ ከተነሳ እሱም ይነሳል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። አሁን ግን በገዛ አፌ ሰኞን ጠራሁበት። ያ ብረት መኪና ላይ ከተጫነ ወንድሜም አብሮ የሚጫን መስሎ ታየኝ።

«ማን ሊነዳልሽ ነው?» አለኝ።

«መንጃ ፈቃድ ያለህ አንተ።»

«እግሬስ?»

«ማስነሻውን እኔ እረግጥልሃለሁ። አንተ ብቻ ተቀመጥበት።»

ጆንያውን አጣጥፎ ጥግ አኖረው።

ከዚያ በየቀኑ ከሥራ መልስ ማድ ቤቱ ውስጥ ነኝ። በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከጫማ ካርቶን ቆረጥኩት። የካርቡሬተሩን ስፕሪንግ ከአንድ አሮጌ ስፌት መኪና ነቅዬ አስገባሁ። ወንድምጋሼ በርጩማው ላይ ሆኖ ያያል። ረቡዕ ዕለት «እሱን ቡሎን አታጥብቂው፣ ይበጠሳል» አለኝ። ሐሙስ ካቻቢቴውን ከእጄ ቀማኝ። ያኔ ነው የእግር ማሳረፊያውን ያየው፤ የማይታጠፈው እግሩ እንዲዘረጋለት ወደ ፊት አስረዝሜ አስበይጄዋለሁ። በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። እኔ የማላይ መስዬ የኋላ ጎማውን ካቴና መጥረግ ያዝኩ።

ችግሩ ዘይት ሆነ። የዚህ ሞተር ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው፤ ተገቢው ዘይት ደግሞ ገበያ ላይ የለም። «ለውድድር ጉሎ ዘይት ነበር የምናደርግለት» አለ ወንድምጋሼ። እኔ የማውቀው ጉሎ ዘይት ሆድ ሲደርቅ የሚጠጣው ነው። ፒያሳ መድኃኒት ቤት ገብቼ ስድስት ብልቃጥ ጠየቅኩ። ሽማግሌው ባለመድኃኒት ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ስንት ሰው ነው የደረቀበት?»

«አንድ ነው።»

«አንድ ሰው ይህን ሁሉ ከጠጣ አይነሳም፣ ልጄ።»

«እሱ ሳይጠጣ ነው ያልተነሳው» አልኳቸው። ሰጡኝ፤ ውሃም በብዛት እንዲጠጣ መከሩኝ።

ቤንዚን በኩፖን ነው። ባለታክሲ ጎረቤታችን ከታንከሩ በጎማ ስቦ ሁለት ጠርሙስ ሰጠን፤ ከዚያ በላይ እንደሌለውም ነገረን። ዓርብ ማታ አንዱን ጠርሙስ ከጉሎው ጋር ቀላቀልኩና ለጠዋት ይዘጋጅ ብዬ አሳደርኩት። ቅዳሜ ማለዳ ታንከሩ ውስጥ ገልብጬ ማስነሻውን ረገጥኩ። ረገጥኩ፣ ረገጥኩ። ሞተሩ ሁለቴ ሳል ሳል አለ፤ ጓሮውን በጭስ ሞላውና ቀጥ አለ። ካንዴላውን ባወጣው ዘይት ይንጠባጠባል። ለካ በብርዱ ጉሎው ሌሊቱን ከቤንዚኑ ተለይቶ እንደ ማር ታች ረግቷል። ያን የሚያህል ቤንዚን በገዛ እጄ አበላሸሁ። መሬት ላይ ተቀምጬ በንዴት አለቀስኩ።

ወንድምጋሼ ተነሳ። ያን ጆንያ አንስቶ አራገፈው። «በቃ፣ ተይው እህቴ» አለኝ፤ ድምፁም ያ የዘጠኝ ዓመቱ ድምፅ ሆነ።

በዚህ መሐል ጭሱ ያስደነገጣቸው ጎረቤታችን መጡ። የጉራጌ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ የነገዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው። ጠርሙሱን ተቀብለው ታች የቀረውን የረጋ ዘይት አዩ።

«በብርድ ነው የናጥሽው?» አሉኝ።

«ቅቤ አይደለም እኮ፣ እማማ።»

«ምንም ይሁን። ብርድ ሲሆን ወተቱን ለብ ሳናደርግ አንንጥም። ዘይቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው፤ ከዚያ ንጪው፤ የናጥሽውን ደግሞ አታሳድሪው።»

ወንድምጋሼ ጆንያውን መልሶ ጥግ ጣለው። የቀረን አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ነው።

ታንከሩን አራግፈን፣ ካንዴላውን አድርቀን፣ እሑድ ሞተሩን ቁልቁል እየገፋን ለገሃር ወረድን። እማማ ሞቅ ያለውን ዘይት በጋቢ ጠቅልለው በባለታክሲው መኪና ደረሱ። ከቤንዚኑ ጋር ቀላቀልነው፤ እማማ ጠርሙሱን ስጡኝ ብለው የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጭናቸው ላይ አጋድመው ይንጡት ጀመር፤ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል።

«ድምፁ ተለወጠ» አሉ። «አሁን ስጪው።»

ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩት፤ ወንድምጋሼም ኮርቻው ላይ ወጣ። በመጀመሪያው ርግጫዬ ምንም የለም። በሁለተኛው ሳለ። በሦስተኛው ጮኸ፤ ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ለገሃርን አናወጠው። ያ የጉሎ ሽታ ወጣ፤ ወንድምጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። ከዚያ ፍሪሲዮኑን ለቀቀና ሄደ።

እማማን ይዤ ታክሲዋ ውስጥ ዘለልኩ። ከፊታችን ይታየኛል፤ አንድ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ጀርባውን አቅንቶ። መሐል ላይ ማርሽ ሲቀይር ሞተሩ ተንገጫገጨ፤ ዘመመ። «በስመ አብ» አሉ እማማ። ተቃና። የጽዳት ዘማቹ መጥረጊያውን እንደያዘ ዳር ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ዳገቱን ጨረሰው። የአፌን ወለምታ ቅቤ ነጋዴዋ አሹልኝ።

ሊቀመንበሩ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ቆሟል። ወንድምጋሼ አጠገቡ ሲደርስ ይቆማል ስንል ጭሱን ፊቱ ላይ ለቆበት አለፈ፤ በጊዮርጊስ በኩል ታጥፎም ጠፋ።

«ወዴት ሄደ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«መውጣቱን እንጂ መቆሙን አልተዋዋልንም።»

እየሳለ «ቁርጥራጭ» ያለውን ሰርዞ «ንብረት» ብሎ ጻፈ። እንደ ልቤ ሳልፈነጥዝ ስጋት ያዘኝ። ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። ወድቆ ይሆን? በገዛ እጄ ገደልኩት? አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ያ ጩኸት ከሩቅ ተሰማ። ከአፍንጮ በር በኩል መጣ፤ እስከ ደረቱ ጭቃ ነው፣ ጥርሱ ብቻ ይነጣል። ደህናውን አስፋልት ትቶ ጭቃ ፍለጋ ሄዶ ነው።

ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ሦስተኛው ማርሽ ይዘላል» አለኝ። «ነገ ከሥራ ስትመጪ እንፈታዋለን።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነገ የሚል ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ያ የተፈራው ሰኞ ሲመጣ የብረት መኪናው በራችን አጠገብ አለፈ፤ እኛ ማድ ቤት ቁጭ ብለን ማርሹን እየፈታን ነበር።