ፈረስ ግቢ አይገባም

እኔ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል። ተማሪዎቼ ይህን ስለሚያውቁ ገና መቅጠን ሲጀምር ደብተራቸውን ይገልጣሉ። ያን መስከረም ግን የተናደድኩት በተማሪ ሳይሆን በትምህርት ቤታችን ደንብ ላይ ነበር።

የማስተምረው ከእንጅባራ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ዘመን ተለወጠ ቢባልም ዝናቡ ወሬውን አልሰማም፤ ግቢያችን ከበሩ እስከ ክፍሎቹ ድረስ ጭቃ ብቻ ነው። አዲስ ከገቡት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እግሮቿ አልታዘዝ ያሏት ልጅ ነበረች። ክራንች አላት፤ ከገጠር የምትመጣው ግን በፈረስ ነው። ፈረሱ ላይ ስትቀመጥ ለተመለከታት አካል ጉዳተኛ ሳትሆን የወረዳ አስተዳዳሪ ትመስላለች።

ጡረታ የወጡ ወታደር የሆኑት ዘበኛችን ግን በሩ ላይ አስቆሟት። እንስሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ልጅቷ በሩ ላይ ወርዳ ፈረሱን አጥር ላይ ታስርና በክራንች ጭቃውን ትጀምረዋለች። ክራንቹ ይሰምጣል፣ ትወድቃለች፣ ክፍል ስትደርስ እስከ አንገቷ ጭቃ ሆና ነው። ከኋላ ያሉት ይስቃሉ። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ ጠብቃ «ቲቸር፣ እኔ ትምህርቱን ልተወው ነው» አለችኝ። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ አንጀቴን በላችው።

በቀጥታ ወደ በሩ ሄድኩ።

«አባባ፣ ምናለ ከነፈረሷ ቢያስገቧት?»

«ኧረ ተይ መምህርት! ዛሬ ፈረስ ካስገባሁ ነገ በሬውን እየነዳ የሚመጣ አለ።»

«በሬ እየነዳ ሒሳብ ሊማር?»

«ሰው አይታመንም» አሉኝ፣ ከልባቸው።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄድኩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሥልጠና ይወዳሉ። በቅርቡ ዳንግላ ላይ ስለ አካቶ ትምህርት አብረን ሠልጥነን ነበር። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበር በዊልቸር የመጡትን ተሳታፊ አራት ጎረምሶች ተሸክመው አወጧቸው፤ ያም ሕንፃዎች ለሁሉም አመቺ መሆን እንዳለባቸው እንዲያዳምጡ ነው። አሠልጣኙ ተሸካሚዎቹን አስጨበጨቡላቸው።

«ፈረስ የድጋፍ መሣሪያ ነው የሚል የትም አልተጻፈም» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «ዊልቸር እናመጣላታለን።»

እውነትም ብዙ ደጅ ጠንተው አመጡላት። የርክክቡ ዕለት ተሰበሰብን፤ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ወደ ክፍሏ ሊገፏት ተነሱ። ግቢው መሐል ሲደርሱ ጎማው ሰጠመ። ገፉ፤ የባሰ ሰጠመ። ዘበኛው መጥተው ገፉ፣ የስፖርት መምህሩም ገፋ። የርዕሰ መምህሩ አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ልጅቷ ተቀምጣ ስትታዘብ ቆይታ፣ «ፈረሴን አምጡልኝ» አለች።

ዘበኛው ሮጠው ፈቱት። «ና! ና እንጂ!» ቢሉት ንቅንቅ አላለም፤ ለካ ፈረሱ ከአውንጊ በቀር ቋንቋ አይሰማም። እሷ ከዊልቸሩ ላይ ሆና አንድ ቃል ጣል ስታደርግለት ግን በተከለከለው በር ሰተት ብሎ ገባ። የስፖርት መምህሩ ኮርቻው ላይ ገመድ አስሮ ልጅቷን ከነዊልቸሯ አስጎተታት። ተማሪው በጩኸት ግቢውን አናጋው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? በዚያ ቀን ስብሰባችንን ሁሉ ተዋግቶ አሸነፈ።

ማለቴ፣ ሊያሸንፍ ምንም አልቀረውም። በማግስቱ መምህራን ለስብሰባ ተጠራን። የግብርና መምህሩ የተማሪዎች ክበብ ግቢው ውስጥ ለተከለው ጎመን ሰጋ። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ፣ ሌሎችም ከሩቅ በእግራቸው እየመጡ ለአንዷ ብቻ መፍቀድ አድልዎ ነው አለ።

ድምፄ ቀጠነ። «ባለፈው ጥር ለፈረሰኞች በዓል በዚሁ በር ስንት ፈረስ ገባ? ያኔ ዘበኛው ሰላምታ ይሰጡ አልነበር? ከሁሉ ፊት የነበረው ባለ ቀይ ጥልፍ ፈረስ የማን ነበር?»

ሁሉም ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረ። እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ከጎመኑ ርቆ እስከታሰረ ድረስ ይግባ አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለ አራት እግር የድጋፍ መሣሪያ» ተብሎ ተመዘገበ።

ልነግራት እየሮጥኩ ሄድኩ። «በቃ፣ አትቀሪም አይደል?»

አቀረቀረች። «ለፈረሱ እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር። ግን የተማሪው ሽንት ቤት ዳገት ላይ ነው። ውስጡ መያዣ የለውም፣ ቁጢጥ ማለት ደግሞ አልችልም። እሱን ፈርቼ ጠዋት ውሃ ሳልጠጣ ነው የምመጣው። ከረፋዱ ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል፣ የሚያስተምሩት አይገባኝም። ልተወው ያልኩት ለሱ ነው፤ ጭቃውንስ ለምጄዋለሁ።»

እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ፈረስ ስንጨቃጨቅ እሷን ምን ቸገረሽ ያላት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

የመምህራን ሽንት ቤት ከቢሮው አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ነው፤ መቀመጫም አለው። ቁልፉ ግን ከርዕሰ መምህሩ ኪስ አይወጣም።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«እሱ እኮ የመምህራን ብቻ...»

«ስብሰባ ይጠራ እንዴ?»

የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሰጡኝ። ልጅቷን ወደ ቤቷ ሳትሄድ «ነገ የራስሽ ቁልፍ ይኖርሻል» አልኳትና ገበያ ላይ ቁልፍ ለሚቀርጸው ሰው ወስጄ ሌላ አስቀረጽኩ።

በማግስቱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። በፈረሷ እንደተቀመጠች ገባች፤ ዘበኛው ዞር ብለው አሳለፏት። ልጓሙን ያዝኩና ገና ደህና አደርሽ ሳልላት «ውሃ ጠጥተሻል?» አልኳት።

«ጣሳ ሙሉ!» አለች እየሳቀች። «እንዲያውም ቁልፉን ቶሎ ይስጡኝ፣ ቲቸር።»