በሙሉ ድምፅ ብዬ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ

ከውርጌሳ በላይ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ የቀበሌ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነበርኩ። የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል ተብዬ ነው። ሹመት መስሎኝ ደስ ብሎኝም ነበር።

በዚያ ዓመት የመንደሩ ሰው ከብቱን የሚያሰማራበት የወል መስክ ለአንድ ባለሀብት የፍራፍሬ እርሻ ይሰጥ ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገበሬዎቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አንድም ሰው ለድጋፍ እጁን ላያወጣ ሲማማሉ እኔም ነበርኩ። ነገሩን ያነሱት የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ሁለት በሬ ያሏቸው ረጅም ሽማግሌ ናቸው። እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ።

ማክሰኞ ስብሰባው ሆነ። ከመርሳ የመጣው ካድሬ "ዘመኑ የዴሞክራሲ ነው፤ የመሰላችሁን ያለ ፍርሃት ተናገሩ" አለ። ቀጥሎም ማዳበሪያ የሚያገኙ ሰዎች ዝርዝር ገና እንዳልተዘጋ ነገረን። ድምፅ ሲጠየቅ እጆች አንድ በአንድ ወጡ። "የሚቃወም?" ሲባል እጃቸውን ያነሱት ሽማግሌው ብቻ ነበሩ። ዞር ብለው ሰዉን አዩት። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

"ሰጥታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ወይ የምትጠይቁን?" አሉና ተቀመጡ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ እኔ ዘንበል አለ። "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብለህ ጻፍ።"

"አንድ ተቃውሞ አለ እኮ።"

"እዚህ ትምህርት ቤት መቆየት ትፈልጋለህ?"

ጻፍኩ።

ስንወጣ ሽማግሌው ጠብቀው ያዙኝ። "ያልኩትን ጻፍከው?"

"አዎ አባባ፣ ጽፌዋለሁ።"

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ በየቤቱ እየዞሩ ሕዝብ አሳምፀዋል ተብለው ታሰሩ። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ እኔም ከነቃለ ጉባኤው ተጠርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን አልፈሩም። "የትም አልዞርኩም። ስብሰባ ላይ ስጠየቅ መለስኩ፣ ተቀመጥኩ። መምህሩ ጽፎታል፤ ይነበብ" አሉ።

ተነበበ። የእሳቸው ቃል የለበትም።

ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። "ከዚህ ሌላ የተባለ ነገር ነበር?"

"አልነበረም" አልኩ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አላየሁባቸውም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ነበር የሚመስሉት።

አምስት ወር ታስረው ሲወጡ መስኩ ታጥሮ ጠበቃቸው። ባለቤታቸው መኖ ቢቸግራቸው ሁለቱንም በሬዎች ሸጠዋቸዋል። እኔ ያኔ ወደ መርሳ ተዛውሬ ነበር። አንድ የገበያ ቀን መናኸሪያ አገኘኋቸው፤ ወልድያ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ እየሄዱ ነው።

"ይቅር ይበሉኝ አባባ" አልኳቸው። "አንድ ሰው ብቻዬን ምን አደርጋለሁ ብዬ ነው።"

"እኔስ ስንት ነበርኩ?" አሉኝ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

ረዳቱ ጠራቸውና ገቡ። ወልድያ ብዙም አልቆዩ። መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።