የ1331 ባለቤት ጋሽ በላቸው

ውሸት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። መልሳ ስትደውልልኝም «ቀልድሽን ተይ» ነው ያልኳት። የጋሽ በላቸው ጎረቤት ነች። ጠዋት ባለቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን አድርሰው፣ ትንሽ አረፍ ልበል ብለው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ በቃ፣ በዚያው።

ትናንት እኮ ሱቄ ነበሩ። ኮፍያቸውን ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀምጠው፣ ሰኞ መጥቼ እፈርማለሁ ብለውኝ ነው የሄዱት።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ በላቸው የካዛንቺስ ሰው ናቸው። ነጭ ዲኤክስ መኪና ነበረቻቸው፣ ታርጋዋ 1331። ባለቤታቸው ቲቸር አልማዝ ሒሳብ አስተምረውኛል። «አስራ አንድ በአስራ አንድ፣ ያንኑ ደግሞ በአስራ አንድ» እያሉ የባላቸውን ታርጋ ሰሌዳ ላይ ያባዙልን ነበር። ክፍሉ በሙሉ ያንን ቁጥር በቃሉ ይዞ ነው ያደገው።

ጋሽ በላቸው ማባዛቱ አይገባቸውም። እሳቸው የሚወዱት ከየትም ቢነበብ አንድ መሆኑን ነው። «ከፊትም ከኋላም ያው ነው» ይላሉ። ለሁሉም ነገር ይቺኑ ነበር የሚሉት። መብራት ሲጠፋም፣ ቢሮ ሄደው ሲስተም የለም ሲባሉም፣ «ይሁና፣ ከፊትም ከኋላም ያው ነው»።

ከጥቂት ዓመት በፊት ቲቸር መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ መንገድ፣ ቀስ በቀስ እኛንም። ቁጥር ግን አልረሱም። ጠዋት ጋሽ በላቸው ኡራኤል ያደርሷቸዋል፤ ቲቸር ሲጨርሱ በሩ ጋ ቆመው 1331ን ይጠብቃሉ። ባላቸውን ያላወቁ ቀን እንኳ ታርጋዋን አንብበው ከኋላ ይገባሉ። ሰፈሩ ሲፈርስ የነሱ ቤት ቢተርፍም ዙሪያው ጠፍቶ እኛ ጤነኞቹ ራሱ መታጠፊያ እንስታለን። ለሳቸው የቀረችው ምልክት ያቺ ታርጋ ብቻ ነበረች።

ዲኤክሷ አርጅታ ጋራዥ መዋል ስታበዛ፣ ለገሃር ለሚነግድ ከድር ለሚባል ሰው ሸጧትና ያገለገለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ታርጋው ከመኪናው ጋር እንደሚሄድ ያወቁት ስም ሲያዛውሩ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከድር ኡራኤል ጋ መብራት ይዞት ቆሞ ሳለ የኋላው በር ተከፈተ። ቲቸር ገብተው ተቀመጡና ወደ ቤት አሉት። ደነገጠ ምስኪን። መኪናዋን ጥግ አስይዞ፣ ከሽያጭ ውሉ ላይ የጋሽ በላቸውን ስልክ ፈልጎ ደወለ።

ያን ቀን ነው ጋሼ ወደኔ የመጡት። ወሎ ሰፈር ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ የሊብሬውም የቦሎውም ጉዳይ በእጄ ያልፋል። «ጉዳዩ፦ የታርጋ ቁጥሬ ወደ አዲሱ ተሽከርካሪዬ እንዲዛወርልኝ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ። ምክንያቱ ጋ ስደርስ የቲቸርን ሕመም ልጽፍ ስል እጄን ያዙኝ።

«የአልማዝን ገመና በየቢሮው አላዞርም። ቁጥሩን ስለምወደው ብለሽ ጻፊ።»

ጻፍኩ። እኔ ጅሏ፣ ጻፍኩ። መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ የተቀበላቸው ልጅ አንብቦ ሳቀ አሉ። በዚህ ዕድሜዎ ቁጥር ያምርዎታል እንዴ፣ ደንቡ አይፈቅድም፣ የተለየ ምክንያት ካለዎት በጽሑፍ ያምጡ ብሎ መለሳቸው። ምክንያቱማ ነበራቸው። ኡራኤል በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ቲቸር አዲሷን መኪና እምቢ አሉ። የሰው መኪና ነው ብለው እጃቸውን ይነጥቃሉ። ስለዚህ ጋሽ በላቸው መኪናዋን አቁመው በእግር ያመላልሷቸው ጀመር። ልባቸውን እየታከሙ፣ ሐኪም ዳገት ከልክሏቸው፣ በየቀኑ። ጋሼ ኧረ እውነቱን እንጻፈው ስላቸው ያችኑ ይሉኛል፣ ከፊትም ከኋላም ያው ነው።

ትናንት ግን ራሳቸው መጡ። «ጻፊው፣ ደክሞኛል» አሉኝ። ጽፌ ሳነብላቸው «የባለቤቴ የማስታወስ ችሎታ» የሚለው ጋ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እሁድን ላስብበት አሉ። ምናለ በመጀመሪያው ቀን ብጨቀጭቃቸው ኖሮ። ምናለ።

ዛሬ ስልኩን እንደዘጋሁ ቲቸር ትዝ አሉኝና ኡራኤል በረርኩ። በሩ ጋ ቆመዋል። ኑ እንሂድ ስላቸው እጃቸውን ነጠቁኝ። ብለምን፣ ብለምን፣ እምቢ። መላው ሲጠፋኝ ለከድር ደወልኩ። ሱቁን ዘግቶ መጣ። ቲቸር ታርጋዋን ጣታቸውን እየቀሰሩ አነበቡ፣ ከኋላ ገቡ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ የሹፌሩን ወንበር አዩ።

«በላቸውስ?» አሉኝ።

ስማቸውን ከጠሩ ስንት ጊዜያቸው!

አሁን ድንኳን እየተተከለ ነው። መርዶውን ማን ይንገራቸው እያልን እንተያያለን። ብንነግራቸው ነገ ይረሱታል። መርዶ እንዴት በየቀኑ ይነገራል? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ እኔ አላውቅም።

ጋሼ፣ ማመልከቻዎ ያለ ፊርማ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከድር መኪናዋን ነገም አመጣታለሁ ብሏል። ከነገ ወዲያስ፣ እንጃ። ገመናዎን ለሰው ሁሉ ስላወራሁት ይቅር ይበሉኝ፤ ኡራኤል በር ላይ ቆመው የሚያያቸው ሰው 1331ን እየጠበቁ መሆኑን እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው።

ቲቸርንም ዋሽቻቸዋለሁ። በላቸውስ ሲሉኝ «ከፊት ናቸው» አልኳቸው። አመኑኝ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። ከፊት ሆነው ይጠብቋቸው። ከኋላ እኛ አለን።