ፀሐይን የሸፈነው ንጉሥና ልብስ ሰፊው

የጠፈር ፊልም ጨካኞችን ከምድር መሪዎች ጋር ማመሳሰል መርሳ ከተማ ላይ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከተማው በሙሉ የእሱ ነው ስለሚል ነው። ሚስቴም ጭምር።

ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ነው። የስፌት መኪናውን በዋናው መንገድ ዳር፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ አጠገቡ ካለችው ዱካ ላይ እቀመጥና እሱ ይሰፋል፣ እኔ አወራለሁ። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ረመዳን ሊገባ ሲል ሙስሊሞቹ እየዞሩ «አፉ በለኝ» ይባባላሉ፤ አውቀውም ሳያውቁም የበደሉትን ሰው ይቅር አስብለው ነው ጾሙን የሚይዙት። የተጠየቀ ሰው ምን አድርገህ ነው ብሎ አይመረምርም፤ «አፉ ብያለሁ» ይላል፣ በዚያው ያልቃል። ልብስ ሰፊው በየዓመቱ እኔንም አይዘለኝም ነበር። እኔ ግን አፉ በለኝ ብዬው አላውቅም። የኛ ሥርዓት አይደለም እያልኩ ነው፤ ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ የበደልኩት ነገር አይታየኝም ነበር።

ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት፣ ሰው ረስቶት የነበረው ቪዲዮ ቤት እንደገና ተከፈተ። እኔ ፍላሽ ላይ ያስቀረኋቸው ፊልሞች ነበሩኝ፤ አብዛኞቹ የጠፈር ናቸው። ባለቤቱ ፊልሞቹን ከነተርጓሚያቸው ፈለገና እኔን ያዘ። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከውርጌሳና ከሲሪንቃ የመጣው ሰው ሸጦ ለውጦ መኪና እስኪሞላ ድረስ እዚያ ይገባል። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ እተረጉማለሁ። በትክክል ነበር የምተረጉመው። «የብርሃን ዓመት» የሚል ቃል ሲመጣ ፊልሙን አስቁሜ፣ ይህ ርቀት እንጂ ዘመን አይደለም ብዬ አስረዳለሁ። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ይሰማኛል። ከኋላ የተቀመጡት ግን ያንኮራፋሉ።

ከፊልሞቹ አንዱ ስለ አንድ ንጉሥ ነው። ራሱ መላጣ፣ ካባው መሬት የሚጠርግ፣ ዓይኑ የማይርገበገብ ሰውዬ። የፕላኔቲቱን ፀሐይ በትልቅ የብረት ክዳን ሸፍኖ ብርሃን በፈረቃ ያድላል። ይህንን ሳይ ነው ነገሩ የበራልኝ። አንድ ደብተር ገዛሁና በመሐል አሰመርኩበት። በግራ የፊልሞቹን ክፉዎች፣ በቀኝ የምናውቃቸውን መሪዎች፣ የአገር ውስጥም የባሕር ማዶም፣ በስማቸው ጻፍኩ። ከሥር ደግሞ ምክንያቱን። ክፉዎቹ አንዳቸውም ክፉ ነኝ አይሉም፤ ሁሉም ስለ መጪው ትውልድ ነው የሚያወሩት። ሁሉም ከሕዝቡ ይልቅ ከፍ ያለ ቦታ ቆመው ይናገራሉ። ሁሉም የሚያጨበጭብላቸው ሰልፍ አላቸው። ኮከብ ላይ ልወጣ ነው የሚለው ንጉሥ እግሩ ሥር ውኃ የተጠማውን አያይም። ይህን ሁሉ ልብስ ሰፊው ሱሪዬን እያሳጠረ ሳለ አነበብኩለት። መርፌውን በከንፈሩ ይዞ ሰማኝና «ወላሂ ልክ ነህ» አለኝ። ከዚያ በላይ አላለም።

በዚያው ሰሞን ለሥልጠና አንድ ሳምንት ወልድያ ሄድኩ። በሌለሁበት ገበያ ቀን ደረሰ፤ ባለቤቱ ተርጓሚ ቢያጣ ልብስ ሰፊውን አቆመው። እንግሊዝኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ድምፁን አጠፋው። የንጉሡ ከንፈር ሲንቀሳቀስ እሱ ከጎን ሆኖ በስብሰባ አማርኛ ተናገረለት።

ስመለስ በረንዳው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ቀን እኔ ቦታዬን ልይዝ ስነሳ፣ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «መምህር፣ አንቱ ዛሬ ዕረፉ፣ ልብስ ሰፊው ይበለን» አሉኝ። አክብረው ነው ያሉት። ተቀመጥኩ። እሱም ድምፁን አጥፍቶ ቆመ። ንጉሡ ካባውን እየጎተተ ከሰገነቱ ብቅ አለ።

«የተከበራችሁ የፕላኔታችን ነዋሪዎች» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ፀሐይዋን የሸፈንናት ለእናንተው ዓይን አስበን ነው። ጨለማ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ጨለማው ግን በተያዘለት ዕቅድ መሠረት እየሄደ ነው።»

የማንንም ስም አልጠራም። ቤቱ ግን በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሽማግሌው እንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ። እኔ ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። እኔ በሦስት ገጽ የጻፍኩትን እሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው፣ ያውም የእኔኑ ንጉሥ ይዞ፣ በእኔው ፍላሽ።

ከዚያ በኋላ ዱካዋ ላይ ስቀመጥ ማውራቱን ትቼ ማረም ጀመርኩ። ንጉሡ እዚያ ጋ የሚለው ሌላ ነው፣ አንተ ያልከው ፊልሙ ውስጥ የለም እለዋለሁ። እሱ መኪናውን እየረገጠ «አብሽር፣ አማርኛ ቢችል እንዲህ ነበር የሚለው» ይለኛል። ያበሸቀኝ ደግሞ ትክክል መሆኑ ነው። ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ለቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ነገርኩ፣ ለመምህራኑ ነገርኩ፣ ሱሪ ሊያሰፉ ለሚመጡ ሰዎች ሳይቀር ነገርኩ። ሁሉም አዎን አዎን ብለው «ግን እንዴት አድርጎ ነው የሚለው!» ይሉና ወደ እሱ ይዞራሉ። አንድ ቀን ቤት መብራት ሲጠፋ ሚስቴ በእሱ ድምፅ «በተያዘለት ዕቅድ መሠረት ነው» ብላ ብቻዋን ሳቀች። በእኔ ቀልድ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ልብስ ሰፊው ነገሩ ገብቶታል፤ «ምቀኛ አታሳጣኝ» እያለ ይስቅብኛል፣ ሻዩን ግን እሱ ነው የሚጋብዘኝ።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ለጉዳይ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው በዓይን አውቀዋለሁ፤ ከስብሰባ የማይጠፋ፣ ሰዉ ሲያየው ወሬ የሚቀይር ሰው ነው። የሲሪንቃን የምርምር ማሳዎች እያለፍን ሳለ ጎንበስ አለና ስለ ቪዲዮ ቤቱ አነሳ። ሰምተናል አለ፤ መሪዎችን ከፊልም አውሬ ጋር የሚያመሳስል ነገር አለ አለ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነው።

«ይህንን መቼም ልብስ ሰፊ ከራሱ አያመጣውም» አለኝ። «የተማረ ሰው እጅ አለበት። የማን ሐሳብ ነው፣ መምህር?»

እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ስንት ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን፣ ሳልጠየቅ እየዞርኩ ስመልሰው የኖርኩትን ጥያቄ አንድ ሰው ጠየቀኝ። አፌ ሊከፈት ምንም አልቀረውም። ከዚያ የሰውዬውን ዓይን አየሁት። ደብተሩ ትዝ አለኝ፣ በቀኝ በኩል የጻፍኳቸው ስሞች ትዝ አሉኝ።

«የራሱ ነው» አልኩ። «እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው።»

በዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር። ሰውዬው ዝም ሲለኝ ዝምታው አስፈራኝና ጨመርኩበት። ችሎታ ያለው ሰው ነው አልኩት፤ ማንም ሳይረዳው የሚፈጥር፣ አንደበቱ የተባረከ፣ እኔ እንኳ እንደሱ አልችልም አልኩት። ስለ ልብስ ሰፊው ችሎታ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሰከርኩት እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ጉዳዬን ሳልጨርስ ተመለስኩና ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሐሳቡ የእኔ ለመሆኑ ከዚያ ደብተር ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም። በማግስቱ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፣ ልብስ ሰፊውም ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ተወሰደ። የስፌት መኪናው በላስቲክ ተሸፍኖ አራት ቀን ቆመ። እኔ በዚያ በረንዳ ላለማለፍ ከትምህርት ቤት በጀርባ በኩል እዞር ነበር። በእነዚያ ቀናት ፊልሞቹን በሐሳቤ ስመላልሳቸው አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ከንጉሡ ዙፋን ኋላ የሚቆም፣ ስም የሌለው፣ ሲጠየቅ በጣቱ «እሱ ነው» ብሎ የሚያሳይ። ያን ሁሉ ክፉ ስመድብ ለእሱ መስመር አልሰጠሁትም ነበር።

በአምስተኛው ቀን ተለቀቀ። ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ሄጄ እንኳን በሰላም ተመለስክ ማለት ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። እሱ ራሱ ወደ ቤቴ መጣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። በር ላይ እንደቆመ ሚስቴ ግባ ብትለው አልገባም፤ ለመምህር አንድ ነገር ልበለው አለ። ወጣሁ።

«የማን ሐሳብ ነው ብለው ያዙኝ» አለኝ። «የሰጠህ ሰው አለ፣ ስሙን ጥራና ሂድ አሉኝ። በኋላ መምህሩ የራሱ ነው ብሏል ብለው አነበቡልኝ። እኔም እውነቱን ነው፣ የራሴ ነው አልኩ።»

በሩን ከኋላዬ ገርበብ አደረግሁት።

«ካንተ መሆኑን አላህ ያውቃል» አለኝ። «የኔ ነው እያልክ ስትለፋ ኖርክ፤ እኔ እዚያ ገብቼ በፊርማዬ ነጠቅሁህ። ረመዳን ሊገባ ነው፤ አፉ በለኝ።»

ፊቱ ላይ ምጸት ፈለግሁ። ትንሽ ብትገኝ ትገላግለኝ ነበር፤ እቆጣና እኩል እንሆን ነበር። የለችም። ሰውዬው ከልቡ ነበር የሚለምነኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ አውቃለሁ። ግን በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁበት፤ በቀልዱ ሳይሆን፣ በር ላይ እንዲያ ቆሞ መለመን በመቻሉ። ሚስቴ ከውስጥ ትሰማለች። አፉ በለኝ የተባለ ሰው ደግሞ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አፉ ብያለሁ» አልኩት።