ለመማሪያ ብቻ የተፈቀደ

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ስኖር፣ ቀን የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ሂሳብ ስቀበል እየዋልኩ ከሥራ መልስ ዳታቤዝ እማር ነበር። ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ኩባንያ ቸር ነው፤ ለመማሪያና ለሙከራ ከሆነ በነጻ ውሰዱ ይላል። እውነተኛ ሥራ የሚሠራበት ሰው ግን ፈቃድ መግዛት አለበት፤ ዋጋውን የሰማ ተቀመጥ ሳይባል ይቀመጣል። ባጭሩ፣ ዋና ተማር፣ ውሃው ውስጥ ግን እንዳትገባ ነው ነገሩ።

ቀጣሪዎች ደግሞ ያለ «ካናዲያን ኤክስፒሪየንስ» ወይ ፍንክች! እውነተኛ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ነው የሚፈልጉት። እኔ የማውቀው ድርጅት እድራችን ብቻ ነበርና፣ የአባላቱን መዝገብ በዳታቤዝ ልሥራላችሁ አልኩ። የፈቃዱንም ነገር ሳልደብቅ ነገርኳቸው።

ምነው አፌን በቆረጠው! ሽማግሌዎቹ ግማሽ እሁድ ተከራከሩበት። አንዱ «ነውር ነው» ሲል፣ ሌላው «ሰው እስኪሞት ድረስ እድር ምን ሥራ አለው?» አለ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ፣ አገር ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው፣ ፈረዱ።

«ይህ ልጅ ተማሪ ነው፤ መዝገባችንም መማሪያው ነው። እኛ ዘንድ ምንም ሥራ አልሠራም። የሚጠይቅ ቢመጣ ሁላችንም እንዲሁ እንላለን።»

በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም ሠራሁላቸው።

ከወራት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ለኢንተርቪው ጠራኝ። ስለ እድሩ ዳታቤዝ ሳወራ ጠያቂዎቹ ፊታቸው ፈካ፤ የሚመሰክርልኝ ሰው ስልክ ሲጠይቁኝ የሊቀ መንበሩን ሰጠሁ። ሥራ እየጠበቅኩ መሆኔን ነግሬያቸው ነበር፤ ይደወልልዎታል ማለቱ ግን አስፈላጊ አልመሰለኝም። ከዚያ ዳስ የምገላገል መስሎኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በሳምንቱ ሊቀ መንበሩ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ሰዎቹ መጥተውብህ ነበር!»

«የትኞቹ ሰዎች፣ ጋሼ?»

«የሶፍትዌሩ ናቸዋ! አንዲት ሴትዮ ኮል አድርጋ፣ እናንተ ጋ ምን ሥራ ሠርቷል እያለች ታውጣጣኛለች። እኔ ልሞኝላት! ‹ኖ ወርክ! ኦንሊ ለርኒንግ!› አልኳት። እሷ ደጋግማ ስትጠይቅ እኔም ያንኑ ደጋገምኩላት። ሲደክማት አመስግና ዘጋችው።»

ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝም፤ ግን ዕድሜያቸውም፣ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኩራትም አፌን ያዘው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

«ምን አደረግኩልህና! ልጃችን አይደለህ? ለመሆኑ ያ እጠብቃለሁ ያልከኝ ሥራ ምን ደረሰ? እስካሁን አልደወሉም?»