ሊቀመንበሩ የመረጡት ማይክሮፎን

የመቱ ከተማ የሙዚቃ ክበባችን ኮሚቴ አምስት አባላት ነበሩት፤ ከአምስቱ አንዱም ሙዚቃ አያውቅም። ሊቀመንበሩ ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት የመጡ፣ ካፖርታቸውን በበጋ እንኳ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ዕውቀታቸው የካፖርታቸውን ያህል ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ታላቅ እህቴ ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ጊታር እየመታች ትዘፍን ነበር። አባታችን ዘፈን የአዝማሪ ሥራ ነው ብለው ሊያስተዋት ሲሉ፣ አዲስ አበባ ያለው ሬዲዮ ከየጠቅላይ ግዛቱ አንድ አንድ ዘፈን በቴፕ ይላክልኝ አለ። አባታችንም «በሬዲዮ ከሰማሁሽ አልከለክልሽም» አሏት። ያቺን አንድ ዕድል ይዛ ነው ክበቡ የመጣችው።

የትምህርት ቤቱን መቅረጫ የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ነጋዴ ሁለት ማይክሮፎን ሰጠንና «አንዱን ግዙ፣ ሌላውን መልሱልኝ» አለ። አንዱ ኮንደንሰር የሚሉት፣ ቀጭን፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ሣጥን ያለው ነው። ሌላው ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ባለሥልጣን ንግግር ሲያደርግ ፊቱ የሚቆም ዓይነት። ኮሚቴው ከመሰብሰቡ በፊት እህቴን በሁለቱም አንድ አንድ ስንኝ ቀርጬ በማዳመጫ ሰማኋት። በወፍራሙ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ትመስላለች። በቀጭኑ ግን ጣቷ ክሩ ላይ ሲንሸራተት፣ ትንፋሽ ስትስብ ሳይቀር ይሰማል። እስቲ አንቺም ስሚው ልላት ስል የኮሚቴው ሰዎች ደረሱ።

በማዕረግና በዕድሜ ተራ እየተነሡ ሞከሩ። እህቴ ጊታሯን ታቅፋ በር አጠገብ ቆማለች፤ አንቺስ ሞክሪ ያላት የለም። ሊቀመንበሩ ቀጭኑን እፍ ካሉበት በኋላ ንግግር ጀመሩ፤ የዘፈን ማይክሮፎን ለመምረጥ ንግግር! የነበረን ቴፕ አንድ ብቻ ስለሆነ የእህቴን ስንኝ አጥፍቼ የሳቸውን ቀረጽኩበት። መልሼ ሳሰማቸው የጥርሳቸው ፉጨትና የጉሮሯቸው አክታ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«ይሄ የተበላሸ ነው» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። በወፍራሙ ድምፃቸው ጎርነን ብሎ ሲመጣ ግን ካፖርታቸው ውስጥ አበጡ። በእጃቸውም መዘን አደረጉት። «ዕቃ ማለት ይሄ ነው! ክብደት አለው።»

«ቶሌ፣ ቶሌ! እውነትዎን ነው ጋሼ» አሉ አራቱ ተሽቀዳድመው። ኮሚቴ ማለት መቼም አንድ አፍና አራት ራስ ነቅናቂ ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ማሽኑን የምታውቀው?»

«እርስዎ እንዳሉ ጋሼ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ በወፍራሙ ቀረጽናት። ቴፑ «ድምፁ ለሥርጭት አይበቃም» የሚል ወረቀት ተያይዞበት ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ሊቀመንበሩም «ልጅቷ ድምፅ የላትም እንጂ ዕቃውስ ምን ይወጣለታል» አሉ። እኒህን ሰው እስከ ዛሬ እንቃቸዋለሁ።

እህቴ አሰማኝ አለችኝ። ማዳመጫውን አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ለካ ድምፄ እንዲህ ነው» አለች። «አባባ እውነታቸውን ነው።»

ጊታሩን ለትምህርት ቤቱ መለሰች። ቀጭኑ ማይክሮፎን ገና ነጋዴው ሱቅ ነበር፤ መቶ እርምጃ አይርቅም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ለማለት ግን ቀጭኑ እንደሚሻል እያወቅሁ ምርጫው ላይ አፌን መዝጋቴን መናገር ነበረብኝ፤ እሱን ፈራሁ።

አሁን የልጅ ልጆቿ ዝፈኚልን ሲሏት «ድምፅ የለኝም፤ በማሽን ሰምቼዋለሁ» ትላቸዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።