የሰዓቱ ምልክት በመርዶ ቁጥር

ዛሬ ጎህ ሲቀድ እናቴ መርዶ ሳይነገራት ደረቷን ደቃች።

የቅሬያችን፣ ማለትም የእድራችን፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በራችንን አንኳኩ። እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም፣ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ አብሮ ከመጣ መርዶ ነው። እህቴ ደግሞ ሪያድ ናት፤ ከደወለች ሰንብታለች፣ ስንደውልም አታነሳም።

እናቴ "ልጄን!" ብላ ወደቀች። ጎረቤት ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ እያለቀሰ ገባ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሰይድ ደነገጡ። "አብሽሪ አንቺ! ገበያ ሳንወጣ ልጅሽ የቅሬውን ድምፅ ማጉያ እንዲያይልን ነው የመጣነው፣ ወላሂ!"

እኔም ሰሞኑን ኮምፒውተሬ ላይ ስታገል የከረምኩት እንዲሁ መርዶ ከሚመስል ማንኳኳት ጋር ነው። ለመማሪያ የምጽፈው ትንሽ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፕሮቴክትድ ሞድ ወደሚባለው የፕሮሰሰሩ አሠራር ገብቶ ኢንተረፕት ስከፍትለት፣ ማለትም ዕቃዎቹ ፕሮሰሰሩን እንዲያንኳኩ ስፈቅድ፣ "ከባድ ብልሽት" ብሎ ይቆማል።

ለካ ብልሽት የለም። የኮምፒውተሩ ሰዓት የሚያንኳኳው በቁጥር 8 ነው፤ በፕሮቴክትድ ሞድ ደግሞ 8 የከባድ ብልሽት ቁጥር ነው። ሰዓቱን ወደ 32 አዛወርኩት፣ ዳነ። (ድምፅ ማጉያው ግን አልዳነም።)

ለእናቴ የማዛውርላት ቁጥር የለኝም። "ደብቃችሁኝ ነው" ትላለች። መርዶ ቀኑ እስኪደርስ እንደሚደበቅ ታውቃለቻ።

እህቴ አሁንም አታነሳም። እኔም የጋሽ ሰይድን ዓይን ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ።

ዓረብ አገር ሰው ያላችሁ፣ እናንተስ ቤት በር በማለዳ ሲንኳኳ ማን ነው የሚከፍተው?